የተሰገደበት ሰው

ነጅላ ሸምሰዲን በሰው አገር መንገድ ዳር፣ በአንድ ዓሣ ጠባሽና በአንድ ባጃጅ መሀል ባለች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሚጥሚጣና ሎሚ የወረደበት ካሳቫ በእጇ ስትበላ አባቷ ቢያዩዋት ኖሮ የዚያን ዕለት ጉዷ ይፈላ ነበር። ደግነቱ ሐጂ ሸምሰዲን ሆቴላቸው ቁጭ ብለው ከገዢዎች ጋር ሻይ እየጠጡ ነበር። ከተማው ሞምባሳ ነው። ሐጂ በሊሙ ገነት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያላቸው፣ በጅማ ነጋዴ ዘንድ ቃላቸው የሚታመን ሰው ናቸው። ወደ ቡና ገዢዎች ስብሰባ ልጃቸውን ያስከተሉት ለሽርሽር ብለው አይደለም፤ የድርጅታቸው ቀማሽ እሷ ስለሆነች ነው።

ቀማሽ ማለት ቡናውን በማንኪያ ስቦ፣ በአፉ አንከባሎ፣ "ይሄ የሊሙ ነው፣ ያኛው የጌራ ነው፣ ይሄኛውን ዝናብ መትቶታል" ብሎ የሚተፋ ሰው ነው። ቀማሽ ሚጥሚጣ አይልስም፣ ነጭ ሽንኩርት አይበላም፣ ሽቶ አይቀባም። ነጅላ ሥራ ከያዘች ወዲህ ምላሷ የአባቷ ንብረት ሆኖ ነው የኖረው። ስብሰባው ማለቁንና በረራው ነገ ጠዋት መሆኑን ስትሰማ ግን "ለዛሬ እንኳ ምላሴ የራሴ ይሁን" ብላ ወደ አሮጌው ከተማ ሹልክ አለች።

ምን ያልቀመሰችው ነገር አለ! በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ድንች በላች። የኮኮናት ውሃ ጠጣችና ስኳር የተረሳበት ሽሮፕ መሰላት፤ ፊቷን ስታጨማድድ ሻጩ ከት ብሎ ሳቀባት። በእንጨት የተሰካ ሥጋ ከከሰሉ ላይ ተነስቶ እጇ ገባ። በርበሬው ዓይኗን አስለቀሳት። ከበርበሬ የመጣ እንባ እንዴት ቀላል ነገር እንደሆነ የሚያውቀው በሀዘን ሲያለቅስ የኖረ ሰው ብቻ ነው፤ ነጅላም በሶፍት እየጠረገች ብቻዋን ሳቀች።

ሳንቡሳው ጋ ስትደርስ ግን ሳቁ ቀረ።

ከሌሎቹ ሻጮች ፈንጠር ብላ ጥቁር አባያ የለበሰች ወፍራም ሴትዮ በጨርቅ የተሸፈነ ሳፋ ይዛ ተቀምጣለች። ነጅላ አንዱን ገዝታ ነከሰች። መጀመሪያ የመጣው ምስሩ ነው። ቀጥሎ ሊጡ መጣ። ሊጡ ውስጥ ቅቤ አለ። ቅቤው ውስጥ ደግሞ ቡና አለ።

ሳታስበው የሥራዋን አደረገች፤ በአፏ ውስጥ አንከባለለችው። ስህተት የለውም። ቡና ቀላ የተጠበሰበት ቅቤ ነው። በእኛ አገር ጀንፈል ቡና ከነገለባው ጫፍ ጫፉ ተነክሶ በቅቤ ይጠበስና ለዱዓ፣ ለእርቅ፣ ለሰርግ ይቀርባል፤ ቡና ቀላ የሚሉት እሱን ነው። የተረፈውን ቅቤ ሰው ፀጉሩን ይቀባበታል፣ ወይም ይደፋዋል። በዚያ ቅቤ የሳንቡሳ ሊጥ የሚያሽ ሰው ነጅላ በዕድሜዋ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ጅማ፣ መንደራ ሰፈር ይጠብሱ የነበሩት አዴ ሐጂራ። አንድ የመውሊድ ማግስት ቅቤው ሲተርፍ "ብክነት ሐራም ነው" ብለው ከሊጡ ጋር አሹት፤ ከዚያ ወዲያ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሁሉ ከየአገሩ እየመጣ ለእሳቸው ሳንቡሳ ሰልፍ ያዘ። ሙያውን ያስተማሩት ለአንድ ልጃቸው ብቻ ነው። ለኡመይር።

ኡመይር ደግሞ ሞቷል።

ነጅላ አልተፋችም። ዋጠችው።

ኡመይር ማነው ለሚል፣ በአጭሩ ይኸው ነው። ከእናቱ ጎን ቆሞ እየጠበሰ የተማረ፣ ሳንቡሳ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጥ ዓይኑን ከነጅላ ዓይን ላይ መንቀል የሚያቅተው ልጅ ነበር። ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሐጂ ሸምሰዲን ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናግደው፣ "ዘይት ለሚሸት ቤት ልጄን አልድርም" ብለው ሸኟቸው። ኡመይር ይህን በሰማ ሳምንት በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ጀመረ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የነጅላ አንድ ወንድም ሙርሺድ፣ የኡመይር የልብ ጓደኛ፣ ለአባቱ ሳይናገር ተከትሎት ሄደ። ከጥቂት ወራት በኋላ ኸይሩ የሚባል ደላላ ደወለ። የታሸገ የጭነት መኪና ውስጥ ብዙ ሰው ታፍኗል፤ ሁለቱም አልወጡም አለ።

አስከሬን አልመጣም። በጅማ መስጊድ ሶላተል ጋኢብ፣ ማለትም ሬሳው ለሌለ ሰው የሚሰገደው ሶላት፣ ለሁለቱ ባንድ ላይ ተሰገደ። ሐጂ ሸምሰዲን "የዚያ ልጅ ስም ከልጄ ስም ጋር አይጠራ" ብለው ነበር፤ ኢማሙ እምቢ አሉ። አዴ ሐጂራ የልጃቸውን ልብስ ለሰደቃ ሰጡ፣ መጥበሻቸውን አወረዱ፣ የሐጂን በር ላለማለፍ ሲሉም ጅማን ለቀው ሸቤ እህታቸው ዘንድ ገቡ። ነጅላ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የመጣውን የትዳር ጠያቂ ሁሉ "አልፈልግም" ብላ መለሰች። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም።

"ማነው የጠበሰው?" አለች አሁን፣ በቁርኣን ቤት በለመደቻት ስብርባሪ አረብኛ። 

"አንድ ልጅ ነው፤ ሐበሻ ነው። በጠዋት ጠብሶ ያመጣልኛል።"

"ስሙ ማነው?"

"እኛ ዑመር እንለዋለን። ከነገለባው የደረቀ ቡና ከመኪና ነጂዎች እየገዛ በቅቤ ይጠብሳል። መጀመሪያ አብዷል ብለን ሳቅንበት፤ ኋላ ገበያው ሲደራ ዝም አልን።"

"አሁን የት ነው?"

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። "አንቺም ሐበሻ ነሽ አይደል? ልጁ ሐበሻ ሲያይ ይደበቃል። ዛሬ ጠዋት የአገሩ ሰዎች ለስብሰባ እንደመጡ ሲሰማ ነገ አልመጣም ብሎኛል።"

ነጅላ የተረፉትን ሳንቡሳዎች ሁሉ ገዛች፤ የሴትዮዋን ስልክ ቁጥርም ለምና ወሰደች። ወደ ሆቴሉ ስትመለስ የሚያልፈውን ወጣት ሁሉ ፊት ፊቱን እያየች ነበር። ከማዶ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ የኡመይር ትከሻ ነው። ሲዞር የሌላ ሰው ፊት ነው። አባቷ በር ላይ ጠበቋት።

"የት ነበርሽ? ምን ሸትቶሻል?"

"ዘይት ነው አባ።"

 ኡመይር አለ ብትላቸው የሚቀጥለውን ጥያቄ ታውቀዋለች።

*

ጅማ ስትገባ አገሩ ሁሉ ሁለት ሰው የጎደለበት ቤት መሰላት። እውነቱን ለመናገር ድሮም እንደዚያው ነበር፤ ሰው ግን ጉድለትን ይለምዳል። መልሶ የማይለመደው ተስፋ ነው። በባጃጅ ስትሄድ ሹፌሩ ያስላል፤ የሙርሺድ ሳል ነው። ሒርማታ ገበያ ውስጥ አንድ ሰው ከኋላዋ ይስቃል፤ የኡመይር ሳቅ ነው። ስትዞር ማንም የለም፤ ጎመን ሻጯ ብቻ "ምን ጠፋብሽ የኔ እህት?" ትላታለች።

ሥራዋም ተበላሸ። ለቅምሻ በተደረደሩት ሲኒዎች ፊት ቆማ የመጀመሪያውን ስባ አንከባለለችና ምንም አልነገራት። ሁለተኛውም ያው። ከምላሷ ላይ አንድ ነገር ብቻ አልለቅ ብሏል። "ደክሞኛል" ብላ ወጣች። ምላስ አጥንት የለውም ይባላል፤ አጥንት ግን ይሰብራል። ሌላውን ሰው የሚሰብረው ሲናገር ነው፤ ነጅላን ግን ሲቀምስ ሰበራት።

ሴትዮዋ ዘንድ ልትደውል ስልኩን ስንት ጊዜ አነሳች፣ ስንት ጊዜ አስቀመጠች። ከእኔ የሚደበቅ ሰው የእኔን ድምፅ ሲሰማ ከዚያም ከተማ ይጠፋል ብላ ፈራች። ደግሞስ ተሳስታ ቢሆን? ሌላ ጅማዊ ሙያውን ተምሮት ቢሆን? ይህን የሚለይ በዓለም ላይ አንድ አፍ ብቻ አለ። በሦስተኛው ጠዋት የቀሩትን ሳንቡሳዎች ከፍሪጅ አውጥታ፣ ጠቅልላ፣ የሸቤ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረች።

አዴ ሐጂራን ከእህታቸው ቤት በስተጀርባ እሸት ቡና ሲለቅሙ አገኘቻቸው። ከስተዋል። ቀና ብለው ሲያዩዋት እጃቸው ቅርንጫፉ ላይ ቀረ።

"ኢንታላ ኮ! ልጄ፣ ምን እግር ጣለሽ? አባትሽ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው፣ አልሃምዱሊላህ። አዴ ሐጂራ፣ አንድ ነገር ላስቀምስዎ ነው የመጣሁት።"

ጥቅሉን ፈታችው። ሳንቡሳዎቹ ደርቀዋል፣ ጠርዛቸው ተሸራርፏል። አዴ ሐጂራ አዩዋቸው። አልነኩም። ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲገረጣ ነጅላ አየች።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከኬንያ። ከመንገድ ዳር። ይቅመሱት፣ ማሎ፣ እባክዎ።"

"አልቀምስም።"

"አዴ ሐጂራ..."

"አልቀምስም አልኩሽ!" ድምፃቸው ተሰበረ። "ምን ብለሽ እንዳመጣሽው ገብቶኛል። ልጄ፣ እኔ ልጄን ያለ ሬሳ ቀብሬያለሁ። ልብሱን በእጄ አጥፌ ሰጥቻለሁ። ተሰግዶበታል። አሁን ይሄን ቀምሼ ካልሆነስ? ደግሜ ልቅበረው? ሁለተኛ የሚሆን ጉልበት የለኝም።"

"ከሆነስ?"

አዴ ሐጂራ ለቅመው ያኖሩትን እሸት በእጃቸው ይነካኩ ጀመር።

"ከሆነ ይብሳል፤" አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። "የኔ ልጅ ካለ፣ ያንቺ ወንድም የታለ? አብረው ነው የሄዱት። ካንዱ ቤት ልቅሶ ሲነሳ ካንዱ ቤት እልል ይባላል? በምን ፊቴ አባትሽን አያለሁ?"

 ከሞምባሳ ጀምሮ የሸሸችው ጥያቄ እዚህም ቀድሟት ደርሶ ጠበቃት። ነጅላ ከቡናው ሥር ተቀመጠች። አለቀሰች፤ ለወንድሟ ይሁን ለኡመይር ሳይታወቃት፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀች። "እኔ አላውቅም አዴ ሐጂራ፤ ምላሴ ነው አለ ያለኝ። ብቻዬን ልሸከመው አቃተኝ። አንድ ሰው እብድ ነሽ ይበለኝ፣ ወይ አይደለሽም ይበለኝ።"

የእናት ሆድ ምን ቢቆርጥ ከልጅ እንባ ፊት አይችልም። አዴ ሐጂራ አጠገቧ ተቀመጡ። አንዱን ሳንቡሳ አነሱ፣ ቢስሚላህ አሉ፣ ከጫፉ ትንሽ ቆርሰው አፋቸው ውስጥ አደረጉ። አኘኩ። ቆዩ። ዓይናቸው ተዘጋ።

"ጨው ረስቷል፤" አሉ።

"እ?"

"ጨው! ሁልጊዜ ይረሳል! ቅቤውን አይረሳ፣ ቅመሙን አይረሳ፣ ስንት ጊዜ ጮኼበታለሁ፣ ጨው ይረሳል!" ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረውም። እህታቸው ከቤት እየሮጡ እስኪወጡ ድረስ ነጅላ አቅፋ ይዛቸው ነበር።

ሲረጋጉ ነጅላ ስልኳን አወጣች። "ቁጥሩ አለኝ። አሁኑኑ ልደውል?"

አዴ ሐጂራ እጃቸውን ስልኩ ላይ ጫኑ።

"እዚህ አይሆንም። የልጄን ድምፅ ተደብቄ አልሰማም። ከሰማሁ የሙርሺድ አባት ባሉበት ነው። ነገ ውሰጂኝ።"

ነጅላ አየቻቸው። እኚህን ሴት ከልጃቸው ድምፅ የሚለያቸው አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን ሳይሰሙት አደሩ። ነጅላ ከአጠገባቸው ተኝታ ትንፋሻቸውን አዳመጠች። እሷም አልተኛችም።

*

ሐጂ ሸምሰዲን በሊሙ ገነት ጣቢያቸው፣ ረጃጅሙ የቡና ማድረቂያ አልጋ አጠገብ ቆመው እርጥቡን ቡና በእጃቸው ይገለባብጡ ነበር። ልጃቸው ከማን ጋር እንደመጣች ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

"ይቺ ሴት እዚህ ምን ትሠራለች?"

"አባ፣ መጀመሪያ ይስሙኝ።"

"አንቺን አልጠየቅኩም። ምን ፈለግሽ ሐጂራ? ልጄን የወሰደብኝ ልጅሽ ነው። እኔ ቂም አልያዝኩም፣ ለአላህ ሰጥቻለሁ። ግን ፊት ለፊቴ አትቁሚ።"

አዴ ሐጂራ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።  መናገር ያለባት ነጅላ ነበረች።

"አባ፣ ኡመይር አልሞተም።"

የሐጂ እጅ ቡናው ላይ ቀረ። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ።

"እሱ ካለ..." አሉ ሐጂ። አልጨረሱትም። ነጅላ የፈራችው ይህን ነበር። የአባቷ ፊት ሲከፈት አየችው፤ ዓይናቸው ሰፋ፣ ልጃቸው ከበር የሚገባ ይመስል ወደ መግቢያው ዞረው አዩ። "እሱ ካለ የኔም... ደውይ! ከፍ አርጊው፣ ሁላችን እንስማ!"

ደወለች። ሴትዮዋ አነሳች፤ ከኋላዋ የመንገድ ጫጫታና የዘይት ጩኸት ይሰማል። "ለልጁ እናቱ ናት በይልኝ" አለች ነጅላ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ፣ ደረጃ ሲወጣ፣ በር ሲንኳኳ ሰሙ። ከዚያ ጫጫታው ቀረና ትንፋሽ ብቻ ሆነ።

"ኢልማ ኮ፤" አሉ አዴ ሐጂራ። "ልጄ።"

መልስ የለም።

"ጨው ረስተሃል።"

ከወዲያ በኩል ሰው ሲሰበር ተሰማ። "እማ፤" አለ። "እማ፣ እማ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።"

"አውፍታው ይቆየን። ከኔ በፊት የሚጠይቁህ አሉ። ሐጂ ሸምሰዲን አጠገቤ ናቸው።"

ትንፋሹ ቆመ።  ሐጂ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

"ልጄስ?"

"ሐጂ..."

"ልጄስ አልኩህ!"

"ጭኔ ላይ ነው የሞተው፤" አለ ኡመይር። "መኪናው ውስጥ አየር አልነበረም። ጨለማ ነበር፣ ሰው ከሰው አይተያይም። እጁን ይዤው ነበር። ሸሃዳውን ብሏል ሐጂ፤ ወላሂ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። 'አባቴን አውፍ በለኝ በልልኝ' አለ። ከዚያ እጁ ላላ። በሩ ሲከፈት የቀሩት ሸሹ፤ እኔ ጥዬው መሄድ አልቻልኩም። ውሃ ስላልነበረ በአፈር ተየሙም አደረግኩለት። ሰገድኩበት። በእጄና በእንጨት ቆፈርኩ። ከሞምባሳ ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ ገባ ያለ ማንጎ ዛፍ ሥር ነው ያለው።"

የሐጂ ፊት ተመልሶ ተዘጋ። ነጅላ እያየች ነው የተዘጋው። ቡናው ላይ ተደግፈው ቀስ ብለው ወረዱና ከአልጋው ጥግ መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ሰው ልጁን ሁለት ጊዜ ይቀብራል? እሳቸው በዚያች ደቂቃ ደግመው ቀበሩ።

"ታድያ ለምን ሞትኩ አልክ?" አሉ፣ ቁጣው ከድምፃቸው ጠፍቶ።

"ኸይሩን 'ሁለታችንም አልወጣንም በል' ያልኩት እኔ ነኝ። ተመልሼ ብመጣ ገና በሩ ላይ 'ያኛውስ?' ነበር የምትሉኝ። አሁን እንዳሉኝ። እሱ ሞቶ እኔ መኖሬን በየትኛው አፌ ልንገራችሁ? መሞት ቀለለኝ።"

"ደቡብ አፍሪካስ ለምን አልሄድክም?"

"እሱን ለማን ትቼ? በየጁምዓው እሄዳለሁ። ሣሩን አጭዳለሁ፣ ከቁርኣን ያሲን እቀራለታለሁ። እኔ ከሄድኩ ቦታውን የሚያውቅ ሰው የለም።"

 ከማዶ የማጠቢያው ውሃ በቦዩ ውስጥ ይወርዳል። ሐጂ ሸምሰዲን የለበሱት ነጭ ጀለቢያ በእርጥብ ቡና ተበላሽቷል፤ አላወቁትም። እጃቸውን ለስልኩ ዘረጉ፤ ነጅላ አቀበለቻቸው። እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ስማኝ፤" አሉ። "ልጄ መቃብር የለውም እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የማድረው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የት ይሆን የሚመታው እያልኩ። ያለበትን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። አንተ ሞተህ ከቀረህ ልጄ ዳግመኛ ጠፋብኝ። ስለዚህ አትሞትም። አልፈቅድልህም። ገባህ?"

"ገባኝ ሐጂ።"

"መጥቼ ታሳየኛለህ።"

"አሳይዎታለሁ።"

"ከዚያ እናትህ ዘንድ ትመለሳለህ። በሬ ላይ ማንም 'ያኛውስ?' አይልህም። እኔ ጠይቄሃለሁ፤ መልሰህልኛል፤ አለቀ።" ከዚያ ቀና ብለው ቆመው የቀሩትን ሴት አዩ። ከአጠገባቸው ያለውን ጆንያ በእጃቸው አራገፉና አነጠፉ። "ይቀመጡ አዴ ሐጂራ። ይቀመጡ፣ እናልቅስ።"

ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ሆነው አለቀሱ። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ መጡ፤ ግን ለማን ምን እንደሚሉ ጨነቃቸው። ለአንዱ "አላህ ያጽናዎ"፣ ለአንዷ "እንኳን ደስ ያለዎት" ማለት አንድ ቦታ ላይ እንዴት ይሆናል? ዝም ብለው ከበቧቸውና ቆሙ።

ነጅላ ስልኩን ወስዳ ድምፁን ዝቅ አደረገች፤ ወደ አልጋዎቹ ጀርባ ሄደች። ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

"ነጅላ ነሽ?" አለ።

"ነኝ።"

"ሳንቡሳውን የገዛሽው አንቺ ነሽ? ሴትዮዋ አንዲት ልጅ ሳፋውን ገልብጣ ወሰደችው ስትለኝ..." አቆመ። "በመስኮት አይቼሽ ነበር። ስትሄጂ። ጀርባሽን ብቻ። ወርጄ ልጠራሽ በሩን ከፈትኩ። እግሬ አልሄደም።"

ነጅላ ዓይኗን ጨፈነች። ያ ሁሉ መንገደኛ ፊት ፊቱን ስታየው፣ እሱ ከላይ ሆኖ ያያት ነበር። ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣ አጣች። "የሞተ ሰው እንዴት በመስኮት ያያል?" አለችው።

"እሱን ነው እኔም የማላውቀው።"

ሳቀች ይሁን አለቀሰች ለራሷም አልገባትም። በወንድሟ ቀን መሳቋ አሳፈራት፤ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። ወንድሟን በርግጥ የቀበረችው ዛሬ ነው። ዛሬ ልቧ እንዲህ መምታት አልነበረበትም። ግን ይመታል፤ ምን ታድርገው?

"ከአባቴ ጋር እመጣለሁ፤" አለች።

"ነጅላ..."

"ለወንድሜ ነው የምመጣው። መቃብሩን ለማየት። ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ።"

"አይመስለኝም።"

"እንዳይመስልህ ነው ያልኩህ!"

"አይመስለኝም አልኩሽ እኮ፤" አለ። ድምፁ ውስጥ፣ ከዚያ ሁሉ ጨለማ ሥር፣ ድሮ ሳንቡሳ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጣት የነበረው ልጅ ነበር። "ግን ብቻ ነይ።"

ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ እንባው ቀደማት። ለሙርሺድ አለቀሰች፤ ለኡመይርም አለቀሰች፤ ብቻዋን አልቅሳ ለጨረሰቻቸው ዓመታትም አለቀሰች። ኡመይር ስልኩን አልዘጋውም፤ እስክትጨርስ ጠበቃት።